ቀንና ሜዳ፦ የአዋቂዎች ጨዋታ በኢትዮጵያ ታሪክ

በአማርኛ ቋንቋ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሰፊ ቤት ነው። ሜዳ ላይ ኳስ የሚያንከባልለው ተጫዋች ይባላል፤ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያዜመው ዘፈን ተጫወተ ይባላል፤ ከፊቱ ገበጣ ዘርግቶ ጠጠር የሚያድለው ሽማግሌም ይጫወታል። ከእራት በኋላ ቡና ተፈልቶ የሚወጋው ወግ ራሱ ጨዋታ ነው። አንደበቱ የሚጥም ሰው ደግሞ «ጨዋታ አዋቂ» ተብሎ ይመሰገናል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «አዋቂ» የሚለው ቃል ዕውቀት ያለውን ሰው ይጠራል፤ ዕድሜው ከልጅነት ያለፈውንም ይጠራል። ቋንቋው ጨዋታን ከአዋቂ አልነጠለም፤ እንዲያውም አንዱን የሌላው ማዕረግ አድርጎታል።

ይሁን እንጂ በዘመናችን የሚሰማው አስተሳሰብ ሌላ ነው። ሰው ሥራ ከያዘ፣ ትዳር ከመሠረተና ልጅ ከወለደ በኋላ ጨዋታ የልጆች ድርሻ ይሆናል። በተማሪነቱ ዘመን የሠፈሩ አጥቂ የነበረው መምህር አርባ ዓመት ሲሞላው ኳስን በመስኮት ያያታል፤ በወጣትነቷ በመድረክ ላይ ድምጿን ያሰማች የነበረች ሠራተኛ ዘፈንን ከሬዲዮ ብቻ ትሰማለች። ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት ጊዜ ማጣት፣ ድካምና ዕድሜ ነው። ችግሩ የግለሰቡ ፍላጎት መቀዝቀዝ ብቻ ነውን? ወይስ ጨዋታውን ያቆሙት የነበሩ ምሰሶዎች ከሥሩ ተነቅለዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት አገሪቱ ከምታውቃቸው ጨዋታዎች የትኞቹ እንደጠፉ፣ የትኞቹ እንደቆዩ፣ የጠፉትስ ለምን እንደጠፉ መመርመር ይጠቅማል።

ከጠፉት መካከል ቀዳሚው ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዐረብ አገር የመጣው የጥንቱ ቼዝ የኢትዮጵያ መልክ ሲሆን፣ ቢያንስ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቤተ መንግሥት ይታወቅ ነበር። ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ለዚህ ጨዋታ የነበራቸውን ፍቅር መዝግቧል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ዋልተር ፕላውደንም ስለ ሰንጠረዥ ጽፏል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ በ1960ዎቹ ዓመታት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስቦ ለንባብ አቅርቦታል።

የሰንጠረዥ ገበታ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት አልነበረም። ብዙውን ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰፍቶበት ስድሳ አራት ቤቶች ይወጡለት ነበር። ተሰላፊዎቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባሉ ነበር። በዛሬው ቼዝ እጅግ ኃይለኛ የሆነችው ንግሥት በሰንጠረዥ የለችም፤ በቦታዋ የቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል።

ይህን ጨዋታ ከሌላው ዓለም ቼዝ ሁሉ ልዩ የሚያደርገው አጀማመሩ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለትም በወረራው ጊዜ፣ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፍጥነታቸው ሠራዊታቸውን በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል። አንዱ ወገን ከሌላው የመጀመሪያውን ምርኮ ሲወስድ ብቻ ጨዋታው በየተራ መሆን ይጀምራል። አጨራረሱም የራሱ ወግ ነበረው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ እንደ ብልኅነት አይቆጠርም፤ በደካሞቹ በፊሎች፣ በፈርዝና በመደቅ አስተባብሮ የገደለ ግን ይደነቃል። ሠራዊቱን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይገደልም። ድል ማለት ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳሸነፉ ጭምር ነበር።

ሰንጠረዥ በጸጥታ የሚካሄድ ጨዋታም አልነበረም። የውጭ አገር ተጓዦች እንደጻፉት በተጫዋቾቹ ዙሪያ የከበበው ሰው ሁሉ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ያደንቃል። በዕለት ኑሮው በጌታው ፊት ቀና ብሎ መናገር የማይችለው አሽከር፣ ገበታው በተዘረጋ ጊዜ «ፈረሱን አንሣ» ለማለት አፉን ይከፍታል። ይህ እንግዲህ የጨዋታ ትልቁ ኃይል ነው። ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን ሰውን ከማዕረጉ አውጥቶ በአንድ ዙሪያ ያስቀምጠዋል።

ነገር ግን እውነቱን መሸፈን አይገባም። የመኳንንቱ የዕረፍት ጊዜ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ራሱ በእልፍኙ ውስጥ ሰንጠረዥ ዘርግቶ እስከ ምሽት የሚቀመጠው፣ ገባሩ ስላረሰለት፣ ሴቲቱ ስለፈጨችለት፣ ሎሌው ውኃና እንጨት ስላቀረበለት ነበር። አንዱ እንዲጫወት ሌላው ይደክም ነበር። ስለዚህም ጨዋታው ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ሥሩ በአንድ መደብ አዳራሽ ውስጥ ብቻ የተተከለ ሆነ። ለውድቀቱም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

በሌላው በኩል የሰፊው ሕዝብ ጨዋታዎች ቆመው እናገኛቸዋለን። ከእነዚህ አንዱ የገና ጨዋታ ነው። በታኅሣሥ ወር መኸሩ እየተሰበሰበ ሲሄድ ማሳው ይራቆታል፤ ወጣቱና ጎልማሳው ጫፉ የቆለመመ በትሩን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። ከእንጨት የተቀረጸች ወይም ከጠፍር የተሠራች ሩር ትጣላለች፤ መንደር ከመንደር፣ አጥቢያ ከአጥቢያ ተከፍሎ ይጋጠማል። የተጫዋቹ ቁጥር አልተወሰነም፤ የሜዳውም ወሰን አይታወቅም። በዚያች ዕለት ጌታ በሎሌው ላይ ሊቆጣ እንደማይገባ ልማድ ደንግጎ ነበርና፣ በሌላው ቀን ትእዛዝ ተቀባይ የሆነው ሰው በገና ሜዳ ላይ ከአዛዡ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋ ነበር።

የፈረስ ጉግስም እንዲሁ ቀን ነበረው። በጥምቀትና በሌሎችም በዓላት ፈረሰኞች ጎራ ለይተው ይወጣሉ፤ አንዱ ዘንግ ወርውሮ ሲያሳድድ ሌላው በጋሻው እየመከተ ይሸሻል። ይህ የልጆች ሥራ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ፈረስ የገራ፣ ክንዱ የጸና፣ ጋሻ መያዝ የለመደ ጎልማሳ ጨዋታ ነበር።

ገበጣ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ትሑት ነው። ከእንጨት የተፈለፈለ ገበታ ካለ መልካም፤ ከሌለም መሬት ላይ ጉድጓዶች ተቆፍረው ጠጠር ወይም ፍሬ ይበቃዋል። በሁለት ረድፍ የሚጫወቱ አሉ፤ በሦስት ረድፍ የሚጫወቱም አሉ። ሦስት ረድፍ ያለው አጨዋወት በተለይ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች መታወቂያ ነው። እረኛው ከብቱን አሰማርቶ፣ ሽማግሌው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ መንገደኛው ጓዙን አውርዶ ይጫወተዋል። ገበጣ የጌታ እልፍኝ አያስፈልገውም፤ ባለቤቱም መሬቱ ነው።

ሙዚቃም የዚሁ ሥርዓት አካል ነበረች። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በሠርግ፣ በግብዣና በጠጅ ቤት ይዞራል፤ አድማጩም ዝም ብሎ የሚሰማ አልነበረም። ግጥም ይነግረዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ከዜማው ጋር ያዋሕደዋል። ግጥሙን የሰጠውም፣ ያዜመውም፣ በጭብጨባ የተቀበለውም ሁሉ ተጫዋች ነበሩ። ሥልጣን ላይ ያለውን ሰው በሰምና ወርቅ መንካት ይቻል ስለነበረ፣ የአዝማሪ ጨዋታ የሕዝብ ሸንጎ እስከመሆን ይደርስ ነበር።

ይህን ኃይል ከሁሉ በፊት የተረዳው ጠላት ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ቀጥሎ፣ ግራዚያኒ ተረት ነጋሪዎች፣ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተለቀሙ እንዲገደሉ አደረገ። ጥፋታቸው የጠላት አገዛዝ ሊያበቃ መቃረቡን በየገበያው መናገራቸው ነበር። ከጦር መሣሪያ ይልቅ መሰንቆ ያስፈራው ወራሪ፣ ጨዋታ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አለመሆኑን ሳያውቀው መሰከረ።

የሰንጠረዥ ታሪክም በዚያው ዘመን ያከትማል። ከወረራው በኋላ ጨዋታው በአገሪቱ ሕያው ሆኖ አልተገኘም። መኳንንቱ ተበትነዋል፤ ከፊሉ በጦር ሜዳ ወድቋል፤ አዳራሹ ፈርሷል። ከነጻነት በኋላ የተመለሰው ቤተ መንግሥትም የሚኒስቴር፣ የመኪናና የቀጠሮ ቤተ መንግሥት እንጂ እስከ ምሽት ገበታ ዘርግቶ የሚቀመጥ አልነበረም። ገበጣ ግን ቆየ፤ ገናም ቆየ። ልዩነቱ በጨዋታው ጥበብ ላይ አይደለም፤ በጥበብማ ቢሆን ሰንጠረዥ ባልጠፋ። ልዩነቱ አንደኛው በጥቂት ሰዎች አዳራሽ ላይ፣ ሌላው በሕዝብ ቀንና በሕዝብ ሜዳ ላይ በመመሥረቱ ነው።

አዲሶቹ ጨዋታዎች የመጡት በዚሁ መካከል ነው። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አርባዎቹ አርመናውያን ወጣቶች ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ የነሐስ መሣሪያ ሙዚቃ የመንግሥት ሥራ መሆን ጀመረ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተከታትለው ቆሙ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አገር ፍቅርም መድረኩን አሰፋ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ሆነ፤ አድማጩም ትኬት ቆርጦ ወንበር ያዘ። ግጥም ነግሮ ዜማውን ይጋራ የነበረው ሰው ከጨለማው አዳራሽ ሆኖ ማጨብጨብ ቀረለት።

በእግር ኳስም የሆነው ይኸው ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዚህ ቡድን ውስጥ በልጅነቱ መጫወት የጀመረው ይድነቃቸው ተሰማ ለ23 ዓመታት ያህል ማልያውን አላወለቀም። ማልያውን ካወለቀም በኋላ ከጨዋታው አልራቀም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አሠልጣኝ እርሱ ነበር። ከ1964 ዓ.ም. እስካረፈበት እስከ 1979 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ መሪ፤ ዕድሜው ሲለወጥ ቦታው ተለወጠ እንጂ ጨዋታው አልተቋረጠም።

በፋብሪካዎችም አካባቢ መልካም ነገር ታይቷል። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የአገሪቱ ሻምፒዮን እስከመሆን የደረሰው በሠራተኛው ከተማ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሜዳና የልምምድ ሰዓት ሲሰጥ፣ ደወል ሲደወል ገብቶ ደወል ሲደወል የሚወጣው ላብ አደር ከደወሉ ባሻገር ሌላ ሕይወት እንዳለው ያውቃል። ነገር ግን ለሜዳው የሚመረጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ብዙኃኑ ወደ ስታዲየሙ መቀመጫ ወጣ። ዘመናዊው ጨዋታ በጥራት ከፍ ባለ መጠን፣ የሚጫወተውና የሚያየው ተለያዩ።

ማየት ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ተመልካቹ የሚያየውን እንዲናፍቅ፣ ዕድሜም እንዳያግደው ምሳሌ የሚሆኑ ሰዎች ተነሥተዋል። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ የማራቶንን ድል በ1961 ዓ.ም. ሲቀዳጅ ዕድሜው 36 ነበር። ከዚያም የበለጠ የሚያስተምረው የአበበ ቢቂላ የመጨረሻ ዘመን ነው። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው ይህ ሰው በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ የእግሮቹን እንቅስቃሴ አጣ። ዓለም ያወቀው በእግሩ ነበረና፣ ስፖርት ከእርሱ ጋር ያበቃ መስሎ ነበር። ነገር ግን በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ ቀስት ይዞ ቀረበ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ተወዳድሮ 16 ተፎካካሪዎችን ቀደመ። ይህን ያደረገው ለአዲስ ክብር አልነበረም፤ ክብሩማ ሞልቶ ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ እስካረፈ ድረስ መጫወትን ስላልተወ ነው። እዚህም ላይ ግን የግል ጽናቱ ብቻውን አልነበረም፤ ቀን የተቆረጠለት ውድድርና የተዘጋጀ ሜዳ ጠብቀውታል።

የከተማው የምሽት ሙዚቃ ታሪክ ይህንኑ ከሌላ ወገን ያሳያል። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በሰዓት እላፊ ሕግ ምክንያት የአዲስ አበባ ሌሊት ለብዙ ዓመታት ተዘጋ። ባንዶች ግን በሆቴሎች ውስጥ ቀጠሉ፤ ዋልያስ ባንድ በሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። መሸት ብሎ ወደ ሙዚቃው የገባ ሰው በሩ ስለሚዘጋ እስኪነጋ እዚያው ያድራል። መንገዱ ሲዘጋበት አዳራሹን ሜዳ አደረገው። በዚያው ዘመን በየቀበሌውና በየፋብሪካው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ብዙ ሠራተኛና ወጣት በእነርሱ አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ ከእነርሱም የታወቁ ከያንያን ወጥተዋል። ሆኖም ሰዓቱም ግጥሙም ከላይ በመመሪያ የሚወርድ ስለነበረ፣ በ1983 ዓ.ም. መመሪያው ሲቋረጥ አብዛኞቹ ቡድኖች አብረው ተበተኑ። በትእዛዝ የቆመ ጨዋታ ትእዛዙን ተከትሎ ይሄዳል። የአዝማሪ ቤት ግን አዛዥ ሳይኖረው በካዛንቺስና በሌሎችም ሠፈሮች እንደገና ደመቀ፤ ግጥም የሚነግረው እንግዳም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። በየሠፈሩ የነበረው ባዶ ሜዳ ሕንፃ በቅሎበታል። ጎልማሳው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት ተጨናንቆ የእንግሊዝን ክለቦች ያያል፤ ወጣቱ በፕሌይስቴሽን ቤት ተራ ጠብቆ በጣቱ ኳስ ይመታል። እነዚህን ቤቶች ማውገዝ ቀላል ነው፤ መረዳቱ ግን ይበልጣል። በዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት ውስጥ ያለው ጩኸት፣ ምክርና ክርክር በራስ ወልደ ሥላሴ እልፍኝ በሰንጠረዡ ዙሪያ ከነበረው ጩኸት ጋር ዘመዳማቾች ናቸው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ቀኑ የታወቀ፣ ቦታው የታወቀ፣ ሌላውም ሰው እንደሚመጣ የተረጋገጠ ስለሆነ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሌላው ሁሉ ቀንና ሜዳ ሲነፍገው ያ ቤት ሰጠው።

ቀን ሜዳን ሊጠብቅ እንደሚችል የሚያሳይ ምስክርም አለ። ጃን ሜዳ የጥምቀት፣ የጉግስ፣ የፈረስ እሽቅድምድምና የአገር አቋራጭ ሩጫ ቦታ ሆኖ የኖረ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ሜዳው በጭቃና በብስባሽ ተሸፈነ። ይሁን እንጂ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ጸዳ። ጥር 11 ቀን በሕዝቡ ልብ ውስጥ ባይጻፍ ኖሮ፣ ሜዳውን ለማስመለስ ይህን ያህል የሚቸኩል ሰው ባልተገኘም ነበር።

አዲስ ቀን መፍጠርም ይቻላል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰዎች ወጥተው ነበር፤ ዛሬ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ሆኗል። ከሚሮጡት አብዛኞቹ ሜዳሊያ የሚያልሙ አይደሉም። የቢሮ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ አያትና እናት አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው እየዘፈኑ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳሉ። ማን ቀደመ ሳይባል አለቃና ሠራተኛ ጎን ለጎን የሚያልቡበት ይህ ቀን፣ መልኩ ቢለወጥም የገና ጨዋታ ታናሽ ወንድም ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ከተሽከርካሪ ነጻ የሆነ የእሑድ ቀንም ለጥቂት ሰዓት አስፋልቱን ሜዳ አድርጎታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ሰው በጎልማሳነቱ ጨዋታን የሚተወው ልቡ ስላረጀ አይደለም። ጨዋታ በግል ፈቃድ ላይ ብቻ ሲጣል፣ ከደመወዝ፣ ከቤት ኪራይና ከልጅ ትምህርት ጋር ተወዳድሮ ሁልጊዜ ይሸነፋል። የጋራ ቀንና የጋራ ሜዳ ሲኖረው ግን ማንም ሰው «ጊዜ አገኝ ይሆን?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም፤ ቀኑ ራሱ ይጠራዋል። የጥንቱ ገበሬ ከዛሬው ሠራተኛ የበለጠ ትርፍ ጊዜ አልነበረውም፤ ታኅሣሥ 29 ግን ነበረው።

ስለዚህ የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ከያኒው ሥራ ስለ ጨዋታ ማውራት ብቻ ሊሆን አይገባም። የትምህርት ቤቱ ግቢ ከተማሪዎች በኋላ ለመምህራንና ለወላጆች እንዲከፈት ማድረግ፣ የሠፈር ሜዳ ሲታጠር ድምፅን ማሰማት፣ በወር አንድ ምሽት ለሠራተኛው መሰንቆና ክራር ቦታ መስጠት በጥቂት ወጪ የሚፈጸም ተግባር ነው። የሰንጠረዥ ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ቀይ ጨርቅና ጥቁር ክርም በየገበያው አለ። ለሰንጠረዥ የጎደለው በሳምንት አንድ የታወቀ ምሽት፣ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሁለት ሰዎችና ዙሪያውን ከብቦ «ፈረሱን አንሣ» የሚል ሕዝብ ነው።